ማማው የቴሌ፣ መስኩ የማን?

በጨፋ ሸለቆ «ማማ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። አንደኛው ማሽላ ሲያሸት በማሳው መካከል በአራት እንጨት ላይ የሚቆመው ርብራብ ነው። አንድ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ይወጣበትና ግሪሳውን ከሰማይ፣ ዝንጀሮውን ከምድር ሲያባርር ይውላል። ሁለተኛው ቀይና ነጭ ተቀብቶ፣ በሽቦ አጥር ተከብቦ፣ ሌሊት አናቱ ላይ ቀይ መብራት የሚያበራው የስልክ ማማ ነው። የእንጨቱን የት እንደሚተክል የሚወስነው ባለማሳው ነው፤ ቢሳሳት በሚቀጥለው ዓመት ያዛውረዋል። የብረቱን ቦታ ግን የሚመርጠው ሌላ ሰው፣ ሌላ ከተማ ተቀምጦ፣ በካርታ ላይ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ያንን ሌላ ሰው ነው። ባለፉት ሰባ ዓመታት ማን ነበር? አሁንስ ማን ነው? ማማው አጥሮ፣ አንሶ፣ የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ሲሰቀልስ ማን ይሆናል?

ሸለቆውን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ወጥተው፣ ጣርማበርን ወርደው፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን ካለፉ በኋላ ምድሩ ይለጠጣል። ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው ቦርከና ወንዝ ረግረጉን አረስርሶ ወደ አዋሽ ያመራል። በአፋን ኦሮሞ ጨፌ ማለት እርጥብ የሣር መስክ ነው፤ የኦሮሞ ጉባኤም ጨፌ የተባለው ሽማግሌዎች በመስክ ላይ ስለሚቀመጡ ነው። ከሚሴ ከዋና ከተማዋ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መዲና ናት። በ1999ኙ ቆጠራ ዞኑ 457,278 ሰው ነበረው፤ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በደዌ ሐረዋና በባቲ ገጠሮች የሚኖር ነው።

የመሬቱ አቀማመጥ ለሬዲዮ ሞገድ ወዳጅም ጠላትም ነው። ሜዳው ላይ አንድ ማማ ሩቅ ያያል። የድሮው ጂኤስኤም ስልክ በቴክኒክ ወሰኑ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ድረስ ይዘልቅ ነበር። በስተምዕራብ የተደረደረው የገደል ግድግዳ ግን ከጀርባው ጥላ ይጥላል፤ በእጥፋቱ ውስጥ ያለ መንደር ማማውን በዓይኑ እያየ «ኔትወርክ የለም» ይላል። የሸለቆው ወለል ደግሞ ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ረጅም ብረት ለመሸከም ጥልቅና ሰፊ የኮንክሪት መሠረት ይጠይቃል። ስለዚህ መሐንዲሱ ጉብታና የተራራ ጫፍ ይመርጣል፤ ጉብታ ደግሞ ባዶ ነው ቢባልም ብዙ ጊዜ የወል ግጦሽ ወይም የመቃብር ሥፍራ ነው። አለመግባባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የሕጉን ነገር ከሥሩ ማንሳት ያስፈልጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 9 የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎትን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። አንቀጽ 52 ደግሞ የፌዴራሉን ሕግ ተከትሎ መሬትን የማስተዳደር ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። በአንድ ማማ ላይ ሁለቱ አንቀጾች ይገናኛሉ፤ ሞገዱ የአዲስ አበባ፣ እግሩ የባሕር ዳር ነው። ከሚሴ ከተማ አስተዳደርና የየወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት በእጃቸው ያለው መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፣ መሬት። ስለ ድግግሞሽ ሞገድ፣ ስለ ታሪፍ፣ ስለ ኔትወርክ ጥራት የሚሉት ነገር የለም። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ጄኔሬተሩ ድምፅና ስለ መዳረሻ መንገዱ ግን ሊሉ ይችላሉ። የሚከተለው ታሪክ ይህን አንድ መሣሪያ ማን እንዴት እንደተጠቀመበት የሚናገር ነው ቢባል ያስኬዳል።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ነው። የመጀመሪያው ረጅም መስመር አዲስ አበባንና ሐረርን ያገናኘው ሲሆን የሰሜኑ መስመር የተከተለው በኋላ ነው። ተቋም የሆነው ግን በ1945 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 131 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም ነው። ቦርዱ መስመር ዘርጊ፣ አገልግሎት ሻጭና ተቆጣጣሪ በአንድ ላይ ነበር። ያኔ ምሰሶ እንጂ ማማ የለም። ምሰሶው መንገዱን ይከተላል፣ መንገዱ የመንግሥት ነው፣ መንግሥት ራሱን ፈቃድ አይጠይቅም። ስልክ የሚያውቁት በመንገዱ ዳር የተቀመጡ ከተሞች ነበሩ፤ ከመንገዱ አሥር ኪሎ ሜትር የራቀ ገበሬ ቴሌ ቤት ገብቶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ኦፕሬተሯ መስመር እስክታገኝለት ተቀምጦ ነው ዘመዱን የሚያነጋግረው። ስለ ቦታ የሚነሳ ጥያቄ ካለም ምሰሶው የማን እርሻ ጠርዝ ላይ ቆመ የሚል ነበር። ደርግ መጥቶ መሬት የሕዝብ ሆኗል ሲል ያቺም ጥያቄ ቀረች።

በ1989 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 49 ሻጩንና ተቆጣጣሪውን ለየ፤ ኮርፖሬሽኑ ለብቻ፣ ኤጀንሲው ለብቻ ቆሙ። በወረቀት ትልቅ ለውጥ ነው። በተግባር ግን ሁለቱም የአንድ መንግሥት እጆች ነበሩ፤ ቀኙ ግራውን ሲቀጣ ብዙም አልታየም። በ1991 ሞባይል አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ሲም ካርድ ለማግኘት የነበረውን ወረፋ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ወደ ገጠር የወጣው ግን ሌላ ነበር፤ ሲዲኤምኤ የሚባለው ገመድ አልባ ስልክ ወደ ቀበሌዎች መሄድ ጀመረ፤ ዕቅዱም ማንኛውም የገጠር ነዋሪ በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ስልክ እንዲያገኝ ነበር።

ማማ በማማ ላይ የተተከለው ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ኮርፖሬሽኑ ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የተዋዋለው የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ሥራ አገሩን በብረት ሸፈነው። በ2003 ኅዳር ኢትዮ ቴሌኮም ተወለደ፤ በ2005 መጨረሻ ደግሞ ለሁዋዌና ለዜድቲኢ በጠቅላላው 1.6 ቢሊዮን ዶላር የተከፋፈለ ሁለተኛ የማስፋፊያ ሥራ ተሰጠ። ዕቅዱ የተሰላው በሽፋን መቶኛ ነው። የሽፋን መቶኛ የሚቆጥረው ሰውና ስፋትን ነው፤ የማን ግጦሽ እንደታጠረ የሚቆጥርበት ዓምድ የለውም። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነበር። መሐንዲሱ ነጥቡን በካርታ ይመርጣል፣ ድርጅቱ ለወረዳው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ወረዳው ለልማት ነው ብሎ ቦታውን ይሰጣል፣ ቀበሌው ባለይዞታውን ጠርቶ ይነግረዋል። ሕዝቡም አልተቃወመም። ለምን ይቃወማል? ኔትወርክ ናፍቆት ነበር። እናት አረብ አገር ያለች ልጇን ልታነጋግር፣ ነጋዴው ከባቲ የሰኞ ገበያ በፊት የግመል ዋጋ ሊጠይቅ፣ ማማውን የጠበቀው በልመና ነው። ያኔ ሰው የሚያቀርበው አቤቱታ «ለምን እዚህ ተከላችሁ» ሳይሆን «ለምን እኛ ጋ አልተከላችሁም» ነበር። ይህን የማይጠቅስ ትንታኔ ለሸለቆው ሰው ውሸት ይሆናል።

ሕጉ ግን በዚህ ዘመን የቆመው ለማን ነበር? በ1997 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ተከታትለው ወጡ። ቁጥር 455 ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ ነው፤ ቁጥር 464 የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል መረቦችን ከጉዳት ስለመጠበቅ ነው። የኋለኛው ሽቦ የሚቆርጠውን፣ ብረት የሚፈታውን በከባድ እስራት ያስፈራራል፤ ስርቆቱም እውነት ስለነበር ተገቢነቱን አልክድም። ነገር ግን ማማውን ከጎረቤቱ የሚጠብቅ ሙሉ አዋጅ ሲኖር፣ ጎረቤቱን ከማማው የሚጠብቅ አንድ ገጽ መመሪያ አልነበረም። የጄኔሬተር ድምፅ፣ የተደፋ ናፍጣ፣ የመብረቅ ጉዳይ፣ ማማ ቢወድቅ ከቤት ምን ያህል መራቅ አለበት የሚለው ጥያቄ በ1995ቱ የአካባቢ አዋጆች (ቁጥር 299 እና 300) ጠቅላላ አንቀጾች ሥር ተጠግቶ ኖረ። ጠቅላላ አንቀጽ ደግሞ በሩቅ ያለ ዘመድ ነው፤ አለኝ ትላለህ እንጂ ቤትህ አይመጣም።

የካሳው ስሌት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። በአዋጅ 455 ይዞታውን በቋሚነት የሚለቅ ገበሬ ባለፉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ሲተካው ብዜቱ ወደ 15 አደገ፤ መነሻውም አማካዩ መሆኑ ቀርቶ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ሆነ። ለገበሬ እውነተኛ መሻሻል ነው። የማማ ቦታ ግን ጥቂት መቶ ካሬ ሜትር ነው። ከዚያች ቁራሽ የሚገኘው ማሽላ በ10 ቢባዛም በ15 ቢባዛም ከአንድ በሬ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ያሳፍራል። ማማው ግን ከዚያች ቁራሽ ላይ ቆሞ ለአሥርተ ዓመታት ገቢ ይሰበስባል። ካሳው የሚከፍለው ለጠፋው እህል ነው፤ ለከፍታው፣ ለአቀማመጡ፣ ማለትም ለማማው ዋጋ የሰጠው ነገር አይከፍልም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር ከፍታ የማንም አይደለም ይሉ ይሆናል። ይሁን። ከፍታው የማንም ካልሆነ ግን ጥቅሙም ለአንድ ድርጅት ብቻ ሊሆን አይገባም ነበር።

የወሉ መሬት ሲጨመርበት ነገሩ ይወሳሰባል። ጨፋ የአንድ ወገን ግጦሽ አይደለም። በበጋ፣ ቆላው ሲደርቅ፣ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ከምሥራቅ ይወጣል፤ የአካባቢው ኦሮሞና አርጎባም ከብቱን ወደዚያው ረግረግ ያወርዳል። የማን ከብት መቼ ይገባል፣ ማን ቀድሞ ያጠጣል የሚለው በሽማግሌ የተያዘ ሕግ አለው፤ ሲጣስም ደም ይፈሳል። አሁን በዚህ መስክ ጫፍ ላይ አንድ ሄክታር ሳይሞላ የታጠረ ቦታ አስቡ። አዋጅ 1161 የወል ይዞታ ሲወሰድ ለማኅበረሰቡ አባላት ካሳ እንዲታሰብ ያዛል። የማኅበረሰቡ አባል ማነው? በቀበሌው መዝገብ ያለው ነዋሪ። በዓመት ለአራት ወር የሚመጣው አፋር በዚያ መዝገብ የለም። መስኩን ከአያቱ ጀምሮ የተጠቀመበት ሰው ለካሳ ሲሆን እንግዳ ይባላል። አጥሩ ያጠበበው የሣር መጠን እዚህ ግባ የሚባል ላይሆን ይችላል፤ የሚጎዳው ማን ተጠየቀ የሚለው ነው። በጨፋ ያልተጠየቀ ሰው ይቀየማል፤ ቅያሜ ደግሞ እዚያ አካባቢ ርካሽ ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል ያ አርብቶ አደር ስልኩ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ሰው መሆኑን አልዘነጋም። ሣሩ የት እንደበቀለ፣ ውሃው የት እንደቀረ፣ የባቲ ገበያ ስንት እንደዋለ የሚያጣራው በዚያው ማማ ነው። አጥሩን የሚጠላውና ኔትወርኩን የሚወደው አንድ ሰው ነው።

ወደ 2011 እንለፍ። በዚያ ዓመት ነሐሴ የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ገበያውን ለግል ኦፕሬተር ከፈተ፤ ኦፕሬተሮች መሠረተ ልማታቸውን እንዲጋሩ መንገድ ጠረገ። ባለሥልጣኑም ስለ መጋራትና በአንድ ቦታ ስለመጠቀም ራሱን የቻለ መመሪያ አወጣ። በ2013 ግንቦት ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ለ15 ዓመት ፈቃድ አገኘ፤ የኤምቲኤን የ600 ሚሊዮን ዶላር ዋጋ ተቀባይነት አላገኘም። በጨረታው ብዙዎችን ያነጋገረ አንድ ገደብ ነበር፦ ማማ ብቻ ተክለው የሚያከራዩ ሦስተኛ ወገን ኩባንያዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አዲሱ ኦፕሬተር ወይ ከኢትዮ ቴሌኮም ይከራያል፣ ወይ የራሱን ይተክላል። በኬንያም ሆነ በናይጄሪያ ማማ አከራይ ኩባንያ አንዱን ብረት ለሁለትና ለሦስት ድርጅት ያከራያል፤ እዚህ በሩ ሲዘጋ፣ የኪራይ ዋጋው ካልተመቸ ሁለተኛ ብረት ከመትከል በቀር አማራጭ አይኖርም። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ ጀመረ፤ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ገባ፤ ወደ አማራ ክልል ከተሞችም ዘለቀ። ሁለቱ ድርጅቶች የመጋራት ስምምነት ቢፈራረሙም አዲሱ የራሱን ማማዎች በብዛት መትከሉን አላቆመም።

ለሸለቆው ሰው የዚህ ትርጉሙ ምንድን ነው? የመንግሥት ድርጅት መሬት የሚያገኘው በምደባ ነበር፤ የግል ኦፕሬተር ግን በኪራይ ይመጣል። ባለይዞታው ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋዋይ ሆነ፤ ሲነገረው የኖረው ሰው ተፈላጊ ፊርማ አለው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ሕግ ይዞታን ማከራየት ይፈቅዳል፤ በአዋጅ 133/1998 ወሰኑ እስከ 25 ዓመት ነበር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ 25 ዓመት የመሬት ኪራይ፣ 15 ዓመት የቴሌኮም ፈቃድ። ኪራዩ በብር፣ ለዓመታት ተወስኖ ከተፈረመና ብሩ ከተንሸራተተ፣ ባለመሬቱ በአምስተኛው ዓመት የሚቀበለው ገንዘብ ለጫት አይበቃውም። ውል ሲጻፍ ዓመታዊ ጭማሪ ይግባ የሚል ምክር ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ቢወጣ ወረዳውን ምንም አያስከፍለውም። ውሉ በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ ቢባል ደግሞ በዞኑ የሥራ ቋንቋ መጻፍ ነውና አዲስ ሕግ አይጠይቅም።

ከተማው ውስጥ ሌላ ነገር ይገጥማል፣ ጣሪያ። አንቴና ከመሬት ይልቅ ሦስትና አራት ፎቅ ያለው ሕንጻ ላይ መውጣት ይመርጣል፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታንና ማሻሻያን በከተማው የሕንጻ ሹም ፈቃድ ሥር ያደርጋል። ለሰውና ለውሃ ታንከር ታስቦ የተሠራ ጣሪያ ላይ ብረት፣ ባትሪና ነፋስ የሚጎትተው ምሰሶ ሲጨመር ሹሙ የመዋቅር ስሌት መጠየቅ ይችላል፤ ይገባዋልም። ሰፈሩ ከሞገዱ በፊት ሊፈራ የሚገባው ይህን ይመስለኛል።

ሞገዱን ካነሳን «ጨረሩ ካንሰር ያመጣል» የሚለው ወሬ በሸለቆውም በአዲስ አበባም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2003 ዓ.ም. የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት» በሚለው ክፍል፣ 2ቢ በሚባለው ምድብ አስቀምጦታል። ይህ ምድብ አደጋው ተረጋገጠ ማለት ሳይሆን ሊናቅ የማይችል ግን ያልተጠናከረ ማስረጃ አለ ማለት ነው። ብዙ አገሮች የሚከተሉት፣ አይክኒርፕ የተባለው የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን ያወጣው መመዘኛ በ900 ሜጋኸርዝ ለሕዝብ የሚፈቅደው በካሬ ሜትር 4.5 ዋት ነው። ሕንድ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አንድ አሥረኛው አወረደችው። ከማማ ሥር የሚኖር ሰው የሚደርሰው ደግሞ ከመመዘኛው እጅግ ያነሰ ነው፤ አንቴናው ሞገዱን ወደ አግድም ይወረውረዋል እንጂ ወደ እግሩ አያፈሰውም። ይህን ለማሳመን መሳደብ አያስፈልግም፤ ለክቶ ቁጥሩን በቀበሌው በር ላይ መለጠፍ ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ የሚያጉረመርም ጄኔሬተር ግን ለመለኪያ አይጠብቅም፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ምስክር ነው።

የጦርነቱን ዘመን ባጭሩ አልፋለሁ፤ የሚጽፈው ሌላ ብዙ አለ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ከሚሴ በአማፂ ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ በኅዳር መጨረሻ ተለቀቀች። በክልሉ በርካታ የቴሌኮም ጣቢያዎች ወድመዋል፤ ያልወደመውም ናፍጣና መብራት ሲቋረጥ ባትሪው እስኪያልቅ ነበር ዕድሜው። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። በዚህ በኋለኛው መቋረጥ ጊዜ ማማው እንዳለ ቆሟል፤ መብራቱ አልጠፋም፤ ኢንተርኔቱን ያጠፋው ሩቅ ያለ ቁልፍ ነው። የአካባቢው አስተዳደር በማማው ላይ ያለው ሥልጣን ከእግሩ በላይ እንደማይወጣ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሆነበት ጊዜ የለም።

አሁን ወደ ትንሹ አንቴና። አምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሚጠቀማቸው ከፍተኛ ሞገዶች ሩቅ አይሄዱም፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ ማማ በብዙ ትንንሽ ይተካል፤ እያንዳንዱ መቶ ወይም ጥቂት መቶ ሜትር የሚሸፍን፣ የጫማ ሳጥን የሚያህል ሳጥን በመብራት ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። አዲስ አበባ ይህን በ2016 በተጀመረው የኮሪደር ልማት አይታዋለች፦ ገመዱ ከመሬት በታች ገባ፣ መብራት፣ ካሜራና የመገናኛ ዕቃ በአንድ ላይ የሚሸከም ስማርት ፖል ቆመ። ኮሪደሩም ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። ከትልቁ ማማ የሚለየው ባለመሬት የሌለው መሆኑ ነው። ምሰሶው የከተማው ነው። ገበሬ የለም፣ ካሳ የለም፣ ውል የሚፈርም አባወራ የለም። ፈቃድ ሰጪው፣ አከራዩና ተከራካሪው የከተማው አስተዳደር ራሱ ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ቀድመው የተጣሉት ብዙ ናቸው። አሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከተሞች የማማን ቦታ እንዲወስኑ ፈቅዳ፣ መመዘኛው እስከተጠበቀ ድረስ በሞገዱ ሰበብ እንዳይከለክሉ አሰረቻቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከተሞች የትንንሽ አንቴና ጥያቄን በነባር ምሰሶ ላይ ከሆነ በ60 ቀን፣ በአዲስ ከሆነ በ90 ቀን እንዲመልሱ አዘዘ፤ ለአንዷ በዓመት 270 ዶላርን እንደ ተገቢ ጣሪያ አስቀመጠ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ለዓመታት ከተከራከረ በኋላ በ2021 እ.ኤ.አ. ሐምሌ አንቴናው ለመኖሪያ ቤት እስከ 30 ጫማ፣ 9 ሜትር ገደማ ድረስ እንዲቀርብ ፈቀደ። ነዋሪው ተሸነፈ ማለት ይቻላል፤ ግን ተራ ይዞ፣ ማይክራፎን ጨብጦ፣ ስሙ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ነው የተሸነፈው። ናይጄሪያ ደግሞ ተቃራኒውን ታስተምራለች። ክፍለ ግዛቶቿ ለፋይበር መስመር መቅበሪያ የፈለጉትን ሲያስከፍሉ ዝርጋታው ተንቀራፈፈ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ገዥዎቹ በሜትር 145 ናይራ በሚለው የቆየ ስምምነት ለመመለስ ተስማሙ።

የእኔ ዝንባሌ ለከሚሴ ገንዘብ መፈለግ አይደለም። ጥቂት ሺህ ብር የምሰሶ ኪራይ ለከተማው በጀት ምንም አይፈይድም፤ ኦፕሬተሩን ግን ወደ ኮምቦልቻ ሊያሸሸው ይችላል። የሚያስፈልገው አንድ አጭር ጽሑፍ ነው። ሁለት ድርጅት በአንድ ብረት መጠቀም ሲችል ሁለተኛ ብረት ይከልከል፤ ማማ ከመኖሪያ ቤት ቢያንስ በቁመቱ ልክ ይራቅ፤ ጄኔሬተር ከመስጊድና ከትምህርት ቤት አጠገብ አይቀመጥ፤ በወል መስክ ላይ የሚተከል ከሆነ ደግሞ ጥሪው በበጋ፣ አፋሩ ባለበት ወር ይደረግ። የመጨረሻው ነጥብ አዲስ አበባ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ ሊጽፈው የማይችለው ነው። አጣዬና ማጀቴ ካሉባቸው አጎራባች ወረዳዎች ጋር የሚዋሰን ጉብታ ሲሆን ደግሞ የዞን ድንበርን የሚያልፍ ጥሪ ያስፈልገዋል፤ ሞገዱ ወሰን አያውቅም፣ ቂምም እንዲሁ።

አንድ ነገር ከውሎች ሁሉ ይረሳል፣ መንቀል። በ2013 ዓ.ም. የተሰጠው የ15 ዓመት ፈቃድ 2028 ዓ.ም. ላይ ያበቃል፤ ይታደስ ይሆናል፣ ቴክኖሎጂውም ይቀየር ይሆናል። ብረቱን የሚፈታ አይጠፋም፤ ብረት ዋጋ አለው። ዋልካው ውስጥ ሜትሮች ወርዶ የተቀበረው ኮንክሪት ግን ዋጋ የለውም፤ ሞፈር ይሰብራል እንጂ። ማን እንደሚያወጣው፣ በስንት ወር፣ በማን ወጪ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ውሉ ላይ ካልገባ የሚቀረው ለባለማሳው ነው። የማሽላው ማማ ታኅሣሥ ላይ ይፈርሳል፤ አራቱ እንጨት ለማገዶ ይሄዳል፣ ጉድጓዶቹን የልጁ እግር ይደፍናቸዋል፣ ከብቱም በአገዳው መካከል ይገባል።